ካሜራውን ያየው ሰውዬ

በእኛ መሥሪያ ቤት የፊልም አስተያየት የሚጻፈው ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ነበር። ቀልድ አይደለም። በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ፣ ሀዋሳን ያኔ እንዲያ ነበር የምንላት፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅስቀሳ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ተንቀሳቃሽ ሲኒማ የምትባል መኪና ማሽኗንና የፊልም ጥቅሎቿን ጭና በወር፣ ካልሆነም በሁለት ወር አንዴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ከእሷ ቀድሞ የፊልሙን ጭብጥ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት በፖስታ ይደርሰናል። እኔ ከዚያ ወረቀት ተነሥቼ አስተያየቴን እጽፋለሁ፤ ኃላፊያችን አንብቦ ይፈርምበታል፤ በታይፕ ይመታል፤ ፊልሙ ሲያልቅ ቆሜ አነበዋለሁ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። በሕዝብ ፊት የሚነበብ ነገር ሁሉ አስቀድሞ መፈቀድ ነበረበት። ፊልሙ አልቆ ኃላፊው አንብቦ እስኪፈርም ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ሳላይ እጽፍ ነበር።

አጻጻፉ ወግ ነበረው። መግቢያ፣ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ ማጠቃለያ፣ መፈክር። ጠንካራ ጎኑ ችግር የለውም፤ ከጭብጡ ወረቀት ላይ መገልበጥ ነው። አበሳዬን የሚያሳየኝ ደካማ ጎኑ ነው። ኃላፊያችን ካኪውን አስተኩሶ የሚለብስ፣ ቆፍጠን ያለ ካድሬ ነው፤ ደካማ ጎን የሌለበትን አስተያየት አይቀበልም። «ድክመት የሌለው ሥራ የለም፤ ድክመት ያላየ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተኝቶ ነበር ማለት ነው» ይለኛል። ማንንም የሚነካ ድክመት ግን መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ማንንም የማይነኩ ድክመቶችን አንድ ደብተር ላይ አሰባስቤ ነበር። ሙዚቃው አንዳንድ ቦታ ላይ ጎላ ይላል። የሴቶች ተሳትፎ ይበልጥ ቢታይ። ፊልሙ አጠረብን። እነዚህን እንደ ማኅበር ጽዋ በተራ በተራ አወጣቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ያህል በዚህ እንጀራ በላሁ።

አንድ ጊዜ ጭብጡ ስለ ጥጥ ለቀማ ሆኖ የመጣልን ፊልም ስለ መሠረተ ትምህርት ሆኖ ቁጭ አለ። አዲስ አበባ ላይ ጥቅሎቹ ተቀያይረው ነው። ምን ላድርግ? የተፈረመበት ወረቀት እጄ ላይ ነው። ሽማግሌዎች «ሀ፣ ሁ» ሲሉ አይተን እንዳበቃን ተነሣሁና ስለ ጥጡ ንጣት፣ ስለ ለቃሚዎቹ ትጋት አነበብኩ። ሞቅ ተደርጎ ተጨበጨበልኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሳቀች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ታይፒስታችን። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በማግስቱ ቢሮዋ ስገባ፣

«ለመሆኑ ጥጡን ያየኸው አንተ ብቻ ነህ ወይስ እኔን እንቅልፍ ወስዶኝ ነው?» አለችኝ።

ጓደኝነታችን ከዚያ ቀን ጀመረ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ወሎዬ ናት። አስተማሪ ባሏ አዋሳ ሲመደብ ተከትላው መጥታ አዲስ ከተማ ውስጥ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። ሳቋ ቅርብ ነው። የታናሽ ወንድሟ ነገር ሲነሣ ግን ፊቷ ወዲያው ይለዋወጣል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ እናቷ ዘንድ የቀረው ልጅ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ማለዳ እህል ሊቀበል ወደ እርዳታ ጣቢያ ወረደ፣ አልተመለሰም። ከዚያ በመኪና ተጭነው ለሰፈራ የተወሰዱ ሰዎች አሉ ተባለ። ወዴት እንደተወሰዱ ግን በውል የሚናገር ጠፋ። ኢሉባቦር ያለ አለ፣ ወለጋ ያለ አለ፣ መተከል ያለም አለ። ደብዳቤም፣ መልእክትም፣ አየሁት የሚል ሰውም ሳይመጣ ሁለት ዓመት አለፈ።

የሰፈራው ፊልም የመጣው በበጋ ነው። አስተያየቴ ከሳምንት በፊት ተመትቶ ኪሴ ውስጥ ነበር። የአዳራሻችንን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ መንጫጫት ጀመረ። አዲስ የታረሰ መሬት፣ ትራክተር፣ ክሊኒክ፣ የሚስቁ ሕፃናት። ከዚያ ለጣራ ክዳን የሚሆን ሣር የተሸከሙ ወንዶች በሰልፍ ሲያልፉ ታዩ። ከመካከላቸው አንዱ ቆመ። ሸክሙን ሳያወርድ ዞር ብሎ ካሜራውን አየ። ሌሎቹ እያለፉት ሄዱ፣ እሱ ግን እዚያው ቆሞ ያያል። ካሜራ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ ፈገግ ይላል ወይም ያፍራል። ይኼኛው ግን ከወዲህ የሚያውቀውን ሰው የሚፈልግ ይመስል ያያል። ከዚያ የግራ እግሩን አንሥቶ የቀኝ ቁርጭምጭሚቱን አከከበት።

አጠገቤ የተቀመጠችው ታይፒስታችን ክንዴን አፈፍ አደረገችው። ጥፍሯ በሸሚዜ አልፎ ተሰማኝ።

«እሱ ነው» አለች። «እግሩን አየኸው? ሰው ትክ ብሎ ሲያየው እንዲህ ነው የሚያደርግ። ከልጅነቱ እንዲህ ነው።»

ፊልሙ ሲያልቅ እንደ ልማዴ ቆሜ አነበብኩ። ምን እንዳነበብኩ አላስታውስም። ጭብጨባው ሳያባራ ሁለታችንም ማሽኑን ወደሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ሄድን። ሣር የተሸከሙት ሰዎች የት እንደተቀረጹ ጠየቅነው።

«እኔ ማሽን ነው የማንቀሳቅሰው» አለን፣ ጥቅሉን ቆርቆሮው ውስጥ እየከተተ። «ፊልሙ አምስት ስድስት ቦታ ተቀርጾ የተቀጣጠለ ነው። የቱ የት እንደሆነ የሚያውቁት አዲስ አበባ ሆነው የቆረጡትና የቀጠሉት ናቸው። ጻፉላቸው።»

ሲናገሩት ቀላል ነው። ታይፒስታችን በማግስቱ ኃላፊያችን ዘንድ ገብታ ደብዳቤ እንዲጻፍላት ለመነችው። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ሰው አልጠፋም፤ ሰፍሯል» አላት። «የሰፈረን ሰው የት ገባ ብሎ መጠየቅ ሌላ ትርጉም ያመጣል። ለአንቺው ብዬ ነው፣ ተይው።»

ክፉ ሰው ነበር ልል አልችልም። እሱም የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩት፤ እነሱም እንዲሁ። ታይፒስታችን ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ፊደል ሳትመታ ዋለች።

በዚያው ሳምንት የተነበበው አስተያየቴ እንደ ልማዱ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ሲል፣ ኃላፊው ፈርሞበት የነበረውን መለሰብኝ። «ፊልሙ አጠረብን» የሚለውን ድክመት ለሦስተኛ ጊዜ መጻፌን ደርሶበት ነው። «አዲስ ድክመት ፈልግ» አለኝ። ያን ጊዜ ብልጠት መጣልኝ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እኔንም ብዕርህ ስል ነው፣ አጻጻፍ ታውቅበታለህ እያሉ አበላሽተውኝ ነበር። የታይፒስታችንን ጥያቄ በደካማ ጎን ውስጥ ሸፍኜ ልልክላት አሰብኩ። አስተያየት ከሆነ ማንም አይጠረጥርም፤ አዲስ አበባም ለአስተያየት መልስ መስጠት ልማዷ ነው። ስነግራት አቅፋ ሳመችኝ።

የጻፍኩት ይኸውና፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሣር ከተሸከሙት ሰፋሪዎች አንዱ ሥራውን አቋርጦ ካሜራውን ለረጅም ጊዜ መመልከቱ የፊልሙን እውነተኛነት ይቀንሳል። በተጨማሪም ይህ ክፍል በየትኛው የሰፈራ ጣቢያ እንደተቀረጸ አልተገለጸም፤ ቢገለጽ መልካም ነው።» በዘጋቢ ፊልም ውስጥ ሰው ካሜራ ማየት የለበትም የሚል ነገር ከአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ አንብቤ ነበር፤ ያቺን እውቀቴን የማወጣበት ቦታ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ፊልሙን በዓይኔ አይቼ የጻፍኩት የመጀመሪያው አስተያየቴም ይኼ ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ እውነት የነበረው ያ ሰው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እውነተኛነቱን ቀነሰ ያልኩት እሱን ነው።

ታይፒስታችን እየመታች ሳለ ጣቷ ቆመ።

«ወንድሜን ጥፋተኛ አደረግኸው እኮ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ጥያቄው ብቻውን ከሄደ ይነቁብናል። ከፊቱ ሌላ ነገር ይቅደመው።»

«ታዲያ ሌላ ነገር አጣህ?»

«ይኼኛው የባለሙያ ይመስላል» አልኳት። ከልቤ ነበር። ዓረፍተ ነገሯን ወድጃት ነበርና ልለውጣት አልፈለግሁም። ወረቀቱን ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ቀጠለች። በአራት ካርቦን አራት ቅጂ መታችው። ኃላፊያችን አንብቦ «እንዲህ ነው እንጂ ድክመት!» ብሎ ፈረመ።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። መልሱ የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ኃላፊው በሠራተኞች የውይይት ክበብ ላይ ቆሞ አነበበው። ለሰጣችሁን ገንቢ አስተያየት እናመሰግናለን፤ በአስተያየቱ መሠረት አስፈላጊው እርማት ተደርጓል፤ የታረመው ፊልም በቅርቡ ለከተማችሁ ሕዝብ በድጋሚ ይቀርባል ይላል። የጣቢያው ስም የለም። እኛ ግን ተያየን። እርማት ማለት የቦታውን ስም በጽሑፍ ማስገባት ነው ብለን ደመደምን። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ሁሉ እየጨበጠኝ ወጣ። አዲስ አበባ ድረስ ተሰማህ አሉኝ። ያን ቀን በሐይቁ ዳር ብቻዬን ስሄድ የተማርኩት ሁሉ ለአንድ ሰው ጠቀመ ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ታይፒስታችን እናቷ እንዲመጡ ላከችባቸው። ያን ጊዜ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለመጓዝ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ እናትየው ከቀበሌያቸው ለምነው አወጡ። ሦስት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ደረሱ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። አንድ ስልቻ በሶ ይዘዋል። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ፊልሙ አገሩን ከነገረኝ ከዚሁ ልቀጥል ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ወደዚያ የሚያሻግር ወረቀት እንደሌላቸው ያውቃሉ። ሲደረስ ይታሰብበታል አሉ።

እኔም እንደ ደንቡ ለታረመው ፊልም አስተያየቱን አስቀድሜ ጻፍኩ። ለእናትና ልጅ ስጦታ ይሁን ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት። «ያ ሣር የተሸከመው ወገናችን የት እንዳለ ዛሬ ሁላችንም በግልጽ አይተናል» የሚል። ታይፒስታችን ይህችን ስትመታ አለቀሰች። ኃላፊው ፈረመ።

በዕለቱ እናትየውን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ፊልም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ምን እንደሆነ ልጃቸው አንዴ ገለጸችላቸው፤ ይበቃኛል አሉ። ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ ከመጣ እንግዳ ጋር ከኋላችን ተቀምጧል። ትራክተሩ አለፈ፣ ክሊኒኩ አለፈ፣ ሕፃናቱ ሳቁ። ሣር የተሸከሙት ሰዎች ብቅ አሉ። ታይፒስታችን የእናቷን እጅ ያዘች። አንድ ሰው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። ፊልሙ የሚታይበት ነጭ አቡጀዲ ላይ አንዲት ብልጭታ ታየችና ጣራው ተከድኖ አለቀ፤ ሴቶች እልል ይላሉ።

ሲቆርጡት እንዲያ ብልጭ ይላል። አወቅሁት። ወዲያው ነው ያወቅሁት።

«የታለ?» አሉ እናትየው።

«ይመጣል፣ እማዬ» አለች ልጃቸው። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

አልመጣም። የቦታ ስምም አልመጣም። ፊልሙ አለቀና ስሜ ተጠራ። ኃላፊው ሁለተኛውን ቅጂ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስመር በመስመር ይከታተለኛል። መዝለል እችል ነበር እላለሁ ዛሬ፤ ያኔ ግን አልቻልኩም። ቀደም ሲል ያመለከትነው ድክመት ሙሉ በሙሉ ተወግዷል ብዬ አነበብኩ። ያ ሣር የተሸከመው ወገናችን የት እንዳለ ዛሬ ሁላችንም በግልጽ አይተናል ብዬ አነበብኩ። እናትየው ከፊቴ ሆነው አፌን ያዩ ነበር። ተጨበጨበ።

ታይፒስታችን ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ እንዲያሳያት ባለ ማሽኑን ልትለምን ሮጠች። እኔ እናትየውን ደግፌ ወደ ውጭ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር አቆምኳቸው። ኃላፊውና እንግዳው አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ሲጋራ ያጨሳሉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያኔ ነበረ አሉኝ። ዛሬ የለም። አንተ የት እንዳለ አይተናል ብለህ አነበብህ፤ እኔ አላየሁም። የት ነው ያለው?»

መናገር ነበረብኝ። እኔ ነኝ፣ እናቴ፣ ካሜራ ማየት የለበትም ብዬ ጽፌ አስቆረጥኩት ማለት ነበረብኝ። አሥር ቃል አይሞላም። ነገር ግን ያን ከተናገርኩ ለምን ጻፍክ ይመጣል፤ ለምን የሚለው ከመጣ የታይፒስታችን ጥያቄ ይወጣል፤ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ እዚያ ቆመዋል። ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። ፈራሁ።

«አላውቅም፣ እናቴ» አልኩና መሬት መሬት አየሁ።

ትልቁ ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር የባሰ። በእኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። የሚያውቅ ሰው «አላውቅም» ይላል፣ ዓይኑን ይሰብራል፣ ነገር ያዞራል፤ ባለ መርዶው ከዚያ ዝምታ ይረዳል። እናትየው ትንሽ ቆመው አዩኝ። ከዚያ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ ገልብጠው እንደ ሐዘንተኛ ለበሱ። ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ደረታቸውን መታ አደረጉ፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ።

ታይፒስታችን ስትወጣ ሴቶች ተሰብስበው እናቷን ያስተዛዝናሉ። ማንም የማን ሞት እንደሆነ አልጠየቀም፤ ልቅሶ ከተነሣ ማልቀስ ነው። ማታውኑ እድሩ ታይፒስታችን ደጅ ድንኳን ተከለ። እኔም ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልጠፋሁም። በሁለተኛው ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ እናትየው እግር ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው። ጽሑፉን፣ ካርቦኑን፣ ብልጭታውን ሳይቀር። ልጅዎ በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ ሥዕሉን ያስወጣሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

ራሴን ዳበሱኝ።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «ልታጽናናኝ ብለህ ነው። እግዜር ይስጥህ። ሰው በወረቀት አይወጣም፤ በሞት ነው የሚወጣ።»

ሦስት ጊዜ ማልኩ። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ ያዝኑልኝ ጀመር። በሳምንቱ በሶአቸውን ለነዳያን ሰጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ታይፒስታችንም ፈቃድ ጠይቃ አብራ ሄደች። አርባውን እዚያው አወጡት፤ ቄሱ ፈቱት፣ ጎረቤት በላ።

ጥቁር ለብሳ ወደ ሥራ ተመለሰች። ለቀናት ከ«እሺ» እና ከ«አምጣ» በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። አንድ ጠዋት ቢሮዋ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን አልቻልኩም።

«እትዬ፣ አንቺ እንኳ እውነቱን ታውቂያለሽ» አልኳት። «ጥቁር ለምን ለበስሽ?»

«እናቴን ብቻዋን ላስለቅሳት?» አለች። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን እመርጥ ነበር። «እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። ልብሱን ለድሃ ሰጥተናል። ድርሻ መሬቱን ለሌላ ሰው ደልድለውታል። ተዝካሩ ወጥቷል። አንድ ቀን በእግሩ ቢመጣ ምን ብለን ነው የምንነግረው?»

 መልሴን አልጠበቀችም። አዲስ ወረቀት ከነካርቦኑ ማሽኑ ላይ አስገባች።

«በል አንብብልኝ» አለችኝ።

ለሚመጣው ፊልም የጻፍኩትን አስተያየት ከኪሴ አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ፤ እሷም መምታት ጀመረች።